ከገደቡ በታች ነው ተብሎ የተዘጋው ፋይል

ቅሬታው ከሒሳብ ክፍል የመጣው በደብዳቤ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ፣ ጥጉ ላይ የሚቀመጡ ሦስት ሠራተኞች ከሰዓት በኋላ ራሳቸውን ያማቸዋል። «በስልካችን ለክተን 52 ማይክሮቴስላ አግኝተናል፤ ምድር ቤት ያለው ትራንስፎርመር ነው» ይላል ደብዳቤው፤ ማይክሮቴስላ የመግነጢስ መስክ መለኪያ ነው። ሕንፃው አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት የቆዩ የቢሮ ሕንፃዎች አንዱ ነው፤ ትራንስፎርመሩም እውነትም ምድር ቤት አለ።

የስልኩን ቁጥር ወዲያው መተው ይቻላል። ስልክ ውስጥ ያለው ዳሳሽ ለኮምፓስ የተሠራ ስለሆነ በዋናነት የሚያየው የምድርን መግነጢስ ነው። ይህ አዲስ አበባ ላይ ወደ 36 ማይክሮቴስላ ይጠጋል፤ የብረት ጠረጴዛ ወይም ስፒከር አጠገብ ሲሆን 50 እና 60 ይገባል። በሴኮንድ 50 ዑደት የሚመላለሰውን የመብራት መስክ በዚህ መዳኘት አይቻልም።

የደህንነት ኃላፊው የተሻለ መሣሪያ ይዘው ወጡ፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚለካ ርካሽ ሜትር። ወንበሩ አጠገብ ቀጥ አድርገው ያዙትና 6 አነበቡ። ሪፖርቱ አንድ መስመር ነበር፦ «6 ማይክሮቴስላ፣ ገደቡ 1000፣ ችግር የለም።» ፋይሉ ተዘጋ።

1000 የተባለው ቁጥር አለ፤ ግን የሒሳብ ሠራተኞች አይደለም። አይክኒርፕ በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን በ2010 ባወጣው መመሪያ 1000 ማይክሮቴስላ የተቀመጠው ሥራው ከመስኩ ጋር ለሚያገናኘውና ስለ ጉዳዩ ለሠለጠነ ሠራተኛ ነው። ለማንኛውም ሌላ ሰው በ50 ኸርዝ 200 ነው። በ1998ቱ መመሪያ 100 ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት የ1999 ምክረ ሐሳብም የያዘው ይህንኑ 100 ነው። አለካኩም ጎደሎ ነበር። ባለ አንድ አቅጣጫ ሜትር በሦስቱም አቅጣጫ ተዞሮ፣ እያንዳንዱ ንባብ በራሱ ተባዝቶ፣ ተደምሮ፣ የድምሩ ስኩዌር ሩት ይወሰዳል። በዚያ ወንበር አጠገብ በኋላ የተገኘው 6፣ 6 እና 3 ነበር፤ ውጤቱ 9 ይሆናል። ወለሉ ላይ ደግሞ 45።

እንዲህም ሆኖ ከ200 በታች ነው። ገደቡ የተሠላው መስኩ በሰውነት ውስጥ የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ መስክ ነርቭን እንዳይቆሰቁስና ዓይን ውስጥ ብልጭታ እንዳያሳይ ነው፤ በ50 ኸርዝ ለሕዝብ በአንጎል ውስጥ ከ0.02 ቮልት በሜትር እንዳያልፍ። 9 ማይክሮቴስላ ራስ እንደሚያሳምም የተረጋገጠ ነገር የለም። ስለዚህ ኃላፊው የደረሱበት መልስ ልክ ነበር ማለት ይቻላል፤ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ግን ቀረ። ቢሮ ውስጥ፣ ከየትኛውም ማሽን ርቆ፣ ብዙውን ጊዜ ከ0.2 የማያልፍ ነገር እዚህ ለምን 9 ሆነ?

ከሦስት ሳምንት በኋላ የቧንቧ ሠራተኛ ተጠራ፤ የሁለተኛ ፎቅ መጸዳጃ ቤት የገላቫናይዝድ ቧንቧ ያፈስ ነበር። ዩኒየኑን (የቧንቧውን መጋጠሚያ) በመፍቻ እንዳላቀቀው ሰማያዊ ብልጭታ ወጣ፤ ሰውየው ወደ ኋላ ተወርውሮ ክርኑን ግድግዳው መታው። በዚያው ቅጽበት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግማሹ መብራት ደመቀ፣ ግማሹ ፈዘዘ፤ አራት ኮምፒውተርና ሁለት ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ጨሱ። «ውኃውን እኮ ዘግቼ ነው የፈታሁት» ይል ነበር ክርኑን እያሸ።

ነገሩ ሲፈታ እንዲህ ነው። ወደ ሦስተኛ ፎቅ የሚወጣው ኬብል አራት ገመድ ብቻ ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚያመጡት ሦስት ፌዝና መመለሻው ኒውትራል። ግራውንዱን፣ ማለትም ለደህንነት ከመሬት ጋር የሚያያይዘውን መስመር፣ ፎቁ የሚያገኘው ከውኃ ቧንቧው ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ ዩፒኤስ «የሽቦ ስህተት» የሚል መብራት ሲያበራ፣ አንዱ ብልህ ነኝ ባይ በፎቁ ፓኔል (የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥን) ውስጥ የኒውትራሉን ባርና የግራውንዱን ባር፣ ገመዶቹ የሚታሰሩባቸውን ዘንጎች፣ በ6 ካሬ ሚሊሜትር ቢጫና አረንጓዴ ቁራጭ ሽቦ አገናኛቸው። መብራቱ ጠፋ፤ ሁሉም ተደሰተ። ምድር ቤት ደግሞ የኒውትራሉ አሉሚኒየም ጫፍ መዳብ ባር ላይ በቀጥታ ታስሮ ኦክሳይድ ይዞታል፤ በየቀኑ እየሞቀና እየቀዘቀዘ ብሎኑ ላልቷል። ከ48 አምፔር የኒውትራል ከረንት 3 ብቻ በገመዱ ሲመለስ፣ 45ቱ በቁራጩ ሽቦ በኩል ወደ ቧንቧው ገብቶ በወለሉ ሥር ይሄድ ነበር። ቧንቧው ሲፈታ ኒውትራሉ መልሕቅ አጣ፤ ጭነት ያነሰበት ፌዝ ከ220 ተነስቶ ወደ 380 አቅጣጫ ሸሸ።

ሜትሩ ይህን ሁሉ ቀድሞ ይናገር ነበር። ፌዞችና ኒውትራል ተጠጋግተው ሲሄዱ፣ የሚሄደውና የሚመለሰው ስለሚጠፋፉ፣ ርቀት እጥፍ ሲሆን መስኩ ሩብ ይሆናል። ከትራንስፎርመር ጥቅል የሚወጣው ደግሞ ወደ ስምንተኛ ይወርዳል። እዚህ ግን ከቧንቧው በግማሽ ሜትር 18፣ በ1 ሜትር 9፣ በ2 ሜትር 4.5። ርቀት እጥፍ፣ መስክ ግማሽ። ይህ ብቻውን የሚሄድ፣ መመለሻው ሌላ ቦታ የሆነ ከረንት መልክ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ከደሙ ንጹሕ ነው። መጠኑም በጭንቅላት ይሠላል፤ ማይክሮቴስላ በሜትር ርቀት ተባዝቶ በ5፦ 9 በ1 በ5፣ 45 አምፔር። ለማረጋገጥ አራቱንም ገመድ በአንድ ላይ ክላምፕ (ገመድ ከብቦ ከረንት የሚለካ መሣሪያ) ውስጥ ማስገባት ይበቃል። ጤነኛ ከሆነ ዜሮ አካባቢ ያሳያል፤ ይህኛው ቧንቧው ከመፈታቱ በፊት ቢለካ 45 ያሳይ ነበር። ቧንቧው ላይ የሚጠመጠም ተጣጣፊ ክላምፕም እንዲሁ 45።

ጥገናው ላይ ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ቁራጩ ሽቦ ጥፋተኛ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን መቁረጥ ያምራል፤ ኒውትራሉ እንደላላ ቢቆረጥ ግን ቧንቧው ያደረገውን ይደግማል። ስለዚህ ዋናው ብሬከር ጠፍቶ፣ በቁልፍ ተቆልፎ፣ ኤሌክትሪክ አለመኖሩ በመለኪያ ተረጋግጦ፣ ቧንቧው የተፈታበት ቦታ በወፍራም ገመድ ተገናኘ። ከዚያ የኒውትራሉ ጫፍ ተቆርጦ አንድ በኩሉ አሉሚኒየም ሌላው መዳብ የሆነ ጫፍ ተገጠመለት፤ አሉሚኒየሙ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ወዲያው ኦክሳይድ የሚከላከል ቅባት ተቀባ። ፍቆ መተው አይሠራም፤ ኦክሳይዱ ወዲያው ይመለሳል። ብሎኑም በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ)፣ አምራቹ በጻፈው ልክ ጠበቀ። ቀጥሎ ለፎቁ የራሱ የግራውንድ ገመድ ከፌዞቹ ጋር በአንድ ትሬ (የኬብል መደርደሪያ) ተዘረጋ። ቁራጩ ሽቦ የወጣው በመጨረሻ ነው። ቧንቧውን ከግራውንዱ የሚያገናኘው ገመድ ግን ባለበት ቀረ፤ ቧንቧው ከግራውንዱ ጋር በቮልቴጅ እኩል እንዲሆን እንጂ ከረንት እንዲሸከም አይደለም።

መብራቱ ሲመለስ አራቱ ገመድ በአንድ ላይ 0.3 አምፔር፣ ወንበሩ አጠገብ 0.1 ማይክሮቴስላ። የኤሌክትሪክ መስኩን ማንም አልለካም፤ ለሕዝብ የተቀመጠው 5 ኪሎቮልት በሜትር የሚያሳስበው ከከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ሥር እንጂ ቢሮ ውስጥ አይደለም።

የልኬት ቅጹ አሁን ከአንድ ቁጥር ይልቅ በሦስት ርቀት ሦስት ቁጥር ይጠይቃል። የቧንቧ ሠራተኛውም የብረት ቧንቧ ከመፍታቱ በፊት ክላምፕ ካልታየበትና ድልድይ ገመድ ካልታሰረበት መፍቻውን አያነሳም። በዚያው ሰሞን ሌሎቹ ፎቆች ሲዞሩ አምስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ 2.4፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን 1.2 ተገኘ። ፓኔሉ ሲከፈት ያው 6 ካሬ፣ ያው ቢጫና አረንጓዴ ቁራጭ ሽቦ።