በረዶው ምናቸው ነው? የሦስተኛ ወር ማስታወሻዬ

ስለ አርክቲክ የባሕር አጥቢዎች መማር ስጀምር ደብተሬን ለሁለት ከፍዬ ነበር፤ በግራ የበረዶው ስፋት፣ በቀኝ የእንስሳቱ ብዛት። አንዱ ሲቀንስ ሌላውም አብሮ ይቀንሳል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። በዚህ ወር ያንን ገጽ ትቼ ሌላ ጀመርኩ። ምክንያቱ ዋልረስ ነው፤ ሁለት ረጃጅም ጥርሶች ያሉት ግዙፍ የባሕር አጥቢ።

ዋልረስ በጢሙ የባሕሩን ወለል እየዳሰሰ ዛጎል ለበስ እንስሳትን ይለቅማል። እናቲቱ ከጠለቀች በኋላ የምታርፈውና ግልገሏን የምታጠባው በተንሳፋፊ በረዶ ላይ ነው። በአላስካና በሩሲያ መካከል ባለው በቹክቺ ባሕር ግን በረዶው በበጋው መጨረሻ ወደ ሰሜን ሸሽቶ ከጥልቁ ውቅያኖስ በላይ ይቀራል። በረዶ አለ፤ ምግብ ያለበት ወለል ግን ጠልቀው የማይደርሱበት ነው። ስለዚህ ወደ የብስ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2014 በአላስካ ፖይንት ሌይ አጠገብ 35,000 ያህሉ በአንድ ዳርቻ ተፋፍገው ታይተዋል። እንዲህ ያለ መንጋ ከደነበረ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ውኃው ይተማል፤ ተረግጠው የሚሞቱት በአብዛኛው ግልገሎቹ ናቸው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ "በረዶው ስንት ቀረ?" ማለቴን ትቼ "በረዶው ለዚህ እንስሳ ምኑ ነው?" እላለሁ።

ጸጉሯ ላይ ቀለበት መሰል ምልክት ላላት የባሕር አጥቢ፣ ለባለ ቀለበቷ አቆስጣ (ሲል)፣ በረዶው ቤቷ ነው። በፊት እግሮቿ ጥፍር በረዶውን እየፋቀች መተንፈሻ ቀዳዳዋን ክረምቱን ሙሉ ክፍት ታደርጋለች፤ ከቀዳዳው በላይ በተከመረው አመዳይ ውስጥም ዋሻ ሠርታ ትወልዳለች። እዚህ ላይ "በረዶ" የሚለው ቃላችን አልበቃ ብሎኝ ነበር፤ አሁን የታችኛውን ግግር በረዶ፣ የላይኛውን ክምር አመዳይ እያልኩ እለያቸዋለሁ። ልዩነቱ የሕይወት ጉዳይ ነው። ግግሩ ቢኖርም አመዳዩ ከሳሳ ወይም ያለጊዜው ዝናብ ከዘነበበት ጣሪያው ይደረመሳል፤ ነጭ ጸጉር የለበሰው ግልገል ለብርዱ፣ ለድቡና ለቀበሮው ይጋለጣል። በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ቆየሁ፤ አንጀቴን በልቶታል።

የዋልታ ድብን ነገር ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አላረዝምም። በረዶው ለድቡ አቆስጣ የሚያድንበት መቆሚያው ነው፤ በረዶው ሲቀልጥ የብስ ላይ በስቡ እየኖረ ይጠብቃል። በካናዳ፣ በምዕራብ ሃድሰን የባሕር ወሽመጥ እ.ኤ.አ. በ2016 በ842 የተገመተው ቁጥር በ2021 ወደ 618 ወርዷል።

ያልጠበቅሁት ቦውሄድ ዓሣ ነባሪን ነው። ከአላስካ በስተ ሰሜን ባሕሩ ክፍት የሚሆንበት ጊዜ ሲረዝም ደልበው ታይተዋል፤ የሚመገቧቸው ደቃቅ ፍጥረታት በክፍቱ ውኃ ስለሚበዙ ይመስላል። ደስ ብሎኝ ጻፍኩት፤ ከሥሩ ግን ሌላ መስመር መጨመር ነበረብኝ። በረዶው ለቦውሄድ አጥርም ነው። ዓሣ ነባሪዎችን የሚያድነው፣ ረጅም የጀርባ ክንፍ ያለው ኦርካ በረዶ ወደ ሞላበት ውኃ ደፍሮ አይገባም፤ አጥሩ ሲፈርስ ግን ይከተላቸዋል።

የሚቀጥለው ገጽ የናርዋል ነው፤ ቀንድ የሚመስል ረጅም ጥርስ ያለው ዓሣ ነባሪ። ኦርካ ሲመጣባቸው ወደ ዳርቻው ጥልቀት አልባ ውኃ ተጠግተው ይደበቃሉ። ከላይ "መሸሸጊያ" ብዬ ጽፌ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አድርጌበታለሁ።