ጀሪካኑን ማን ይያዝ? የሰፈሬ ልጆች ለሰው ማሰብን እንዴት እንደለመዱ

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። የቧንቧ ውኃ ሲጠፋ ጉልበት ያለው ጀሪካኑን ይዞ ከሌላ ሰፈር ይቀዳል። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊቶች ግን ይቸገራሉ። የሰፈሩን ልጆች አሰባስቤ ውኃ እንዲያደርሱላቸው አደረግሁ። የልጆቹ ደግነት መነሻው እንደየዕድሜያቸው መለያየቱ አስገረመኝ።

ትንንሾቹን መለመን አላስፈለገም። «እኔ ልያዝ! እኔ ልያዝ!» እያሉ ይሻማሉ። ውኃ የሞላ ሃይላንድ አስይዛቸዋለሁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፌሊክስ ቫርኔከንና ማይክል ቶማሴሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ የ18 ወር ሕፃናት እንኳ ለማያውቁት ሰው የወደቀበትን ዕቃ አንስተው አቀብለዋል። በ2008 ደግሞ ለእርዳታቸው ሽልማት ያገኙ ሕፃናት፣ ምስጋና ብቻ ካገኙት ይልቅ በኋላ ለመርዳት እንደሚለግሙ አሳዩ። ስለዚህ ጎረቤቶቼ «ከረሜላ እንግዛላቸው» ሲሉ እሺ አላልኩም። የአሮጊቶቹ «እደጉ፣ ተመንደጉ» የሚል ምርቃት ይበቃቸዋል።

ሰባት ስምንት ዓመት ላይ «ትናንትም እኔ ነኝ የወሰድኩት!» ይመጣል። ይህን እንደ ስስት የሚያዩ ወላጆች አሉ፤ እኔ አልስማማም። ልጁ እኩልነትን እየተማረ ነው። ተራ አወጣንላቸው፣ ጭቅጭቁ ቀነሰ።

አሥራ አራት አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናቸው ግን ነገሩን በሌላ ዓይን ማየት ይጀምራሉ። አንዱ ልጅ ጠጋ ብሎ፣ ውኃ ከምናደርስላቸው አሮጊቶች ስለ አንዷ፣ «እማማ እኮ ስንመጣ ይሸማቀቃሉ» አለኝ። እውነቱን ነው። ግር ብለን ስንገባ ጎረቤት ሁሉ ያያል። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያበሉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ተረጂ መባል ይከብዳቸዋል። «ሁለት ሁለት ሆነን፣ መሸትሸት ሲል እንሂድ» አለ። እንዳለውም አደረግን።

የሥነ ልቦና ምሁሩ ማርቲን ሆፍማን ይህን እድገት በደንብ ገልጾታል። ሕፃን ልጅ ጓደኛው ሲያለቅስ የራሱን እናት ይዞለት ይመጣል፤ እሱን ራሱን ሲያለቅስ የምታባብለው እሷ ናታ! ከፍ ሲል የሌላው ስሜት ከራሱ የተለየ መሆኑ ይገባዋል። ወደ ጉርምስና ሲጠጋ ደግሞ ከዕለቱ ችግር አልፎ የሰውየውን ኑሮ ማሰብ ይጀምራል። ያ ልጅ ያየው ጀሪካኑን ብቻ አልነበረም።

አሁን ማን ቤት መቼ እንደሚኬድ የሚወስኑት ትልልቆቹ ናቸው። እማማ ቆሎ ቆልተው ሲጠብቁ «አይልፉ» አይሏቸውም፤ ቁጭ ብለው ይበላሉ። እሳቸውም መስጠት ይፈልጋሉና። እንዲህ ያለ ነገር በሰፈራችሁ ለመጀመር ካሰባችሁ፣ ትንንሾቹን ከትልልቆቹ ጋር አጣምራችሁ ላኩ። በር አንኳኩቶ በአክብሮት መግባትን ትንሹ ከትልቁ ቶሎ ይቀስማል፤ እኔ ብመክረው ያን ያህል አይሰማኝም።