ቢሯችን ውስጥ የተለካው የስኪ ጫማ

የምሠራው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ነው። ደንበኞቻችን ለንግድ፣ ለሕክምና ወይም ዘመድ ለመጠየቅ የሚሄዱ ናቸው። ለበረዶ ሸርተቴ የሚሄድ ሰው ብዙ አይገጥመንም። ስለዚህ በኅዳር አንድ ከሰዓት ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር የመጡ አባት «ኦስትሪያ ስኪ ልንሄድ ነው» ሲሉ የቢሮው ሰው ሁሉ ቀና አለ። ጋባዡ ቪየና የሚኖረው የባለቤታቸው ወንድም ነው።

አባትየው ትልቅ ፌስታል ይዘዋል። ውስጡ ለራሳቸውና ለወንዱ ልጅ ከዱባይ በሰው ያስመጡት፣ ያገለገለ የስኪ ጫማ አለ። ጃኬቶቹን ያገኙት መርካቶ፣ ሰልባጅ ተራ ነው፤ ጃኬቶቹ በእውነት ጥሩ ነበሩ። ወገባቸው ላይ በረዶ እንዳይገባ የሚያግድ ላስቲክ ያለው የውስጥ ጨርቅ፣ ግራ ክንዳቸው ላይ ደግሞ ሰውን ወደ ቁልቁለቱ አናት የሚያወጣውን ሊፍት ካርድ የሚይዝ ትንሽ ኪስ አላቸው። ሰልባጅ ውስጥ እነዚህን ሁለት ምልክቶች ያየ ሰው በእጁ የያዘው የስኪ ጃኬት መሆኑን ይወቅ፤ ውሃ የማያስገባ ከሆነ አዲስ መግዛት አያስፈልገውም።

ችግሩ ጫማው ላይ ነበር። ኦስትሪያ ውስጥ ኢንስብሩክ ከተማ ሲማር በበረዶው ወራት ስኪ፣ ማለትም ከጫማው ጋር የሚታሰረውን ረጅም መንሸራተቻ፣ በሚያከራይ ሱቅ ይሠራ የነበረ ባልደረባ አለኝ። ጫማውን ገና ሲያየው ከወንበሩ ተነሣ።

«ጋሼ፣ ስንት ቁጥር ነው የሚያደርጉት?»

«አርባ ሁለት። ይሄ አርባ አራት ነው። ሁለት ወፍራም ካልሲ ደርቤ እሞላዋለሁ፤ ለብርዱም ይሆነኛል።»

ባልደረባዬ አስፈቅዶ የጫማውን ለስላሳ ውስጥ ጎትቶ አወጣና አባትየውን በባዶው ፕላስቲክ ውስጥ አቆማቸው። የእግራቸው ጣቶች ፊቱን እስኪነኩ ካስጠጋ በኋላ ከተረከዛቸው ኋላ ጣቶቹን ሰደደ። አራት ገቡ። ለጀማሪ ሁለት ጣት፣ ማለትም ከ1.5 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ይበቃል። ውስጡን መልሶ፣ መቆለፊያዎቹን ዘግቶ «ጉልበትዎን ወደ ፊት አጠፍ ያድርጉ» አላቸው። ተረከዛቸው ተነሣ።

«አዩ ጋሼ፣ ስኪውን የሚያዝዘው እግርዎ ነው። ተረከዝዎ ከተንሳፈፈ ስኪው ትእዛዝዎን አይሰማም። ያን ጊዜ መቆለፊያውን አብዝተው ያጠብቁታል፤ ደም አይዘዋወርም፤ እግርዎ ይበርደዋል። ሁለት ካልሲም ይጨማደዳል እንጂ አያሞቅም።» የሚያስፈልገው እስከ ጉልበት የሚደርስ አንድ ስስ የሱፍ ካልሲ ብቻ ነው። ጥጥ ላብ ይዞ ስለሚቀር ለካልሲም፣ ከሥር ለሚለበስ ካናቴራም አይሆንም። ደግሞም ያረጀ የስኪ ጫማ ፕላስቲኩ እየደረቀ ይሄዳል፤ ቁልቁለት ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ወንዱ ልጅ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆይቶ «ሮቤል ተክለማርያም ግን ጫማው እንደዚህ ግትር አይደለም፤ ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ» አለ። ልጁ ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር አገራችንን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረው ሮቤል የሀገር አቋራጭ ስኪ ተወዳዳሪ ነው። በዚያ ስፖርት ጫማው ለስላሳ ነው፤ ተረከዝም ነጻ ሆኖ ይነሣል። እነሱ የሚሄዱበት የቁልቁለት ስኪ ግን ተረከዝን ከስኪው ጋር ይቆልፋል። የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይሆንም፤ ሲከራዩም የትኛውን እንደሚፈልጉ ለይተው መናገር አለባቸው።

ከዚያ ቤተሰቡን በሙሉ ቢሮው ውስጥ ለካናቸው። የስኪ ጫማ ቁጥር የእግር ርዝመት በሳንቲ ሜትር ነው። ተረከዝ ግድግዳ ያስነካል፣ ወረቀት ላይ ይቆማል፣ እስከ ረጅሙ ጣት ይለካል። አባትየው 26.5 ሆኑ። ለአከራዩ ሱቅ በኢሜይል የሚላከው የእግር ርዝመት፣ ቁመት፣ ክብደት፣ ዕድሜና የችሎታ ደረጃ ነው። ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያይዘው ብረት ሰው ሲወድቅ እግሩን እንዲለቅቅ የሚስተካከለው በእነዚህና በጫማው ሶል ርዝመት ተሰልቶ ነው። ክብደቱን የሚያሳንስ ሰው ስኪው ያለ ቦታው ይለቅቀዋል፤ ችሎታውን የሚያጋንን ደግሞ ሲወድቅ አይለቅቀውም፣ ጉልበቱ ይጎዳል። እናትየው ክብደታቸውን ሰው ፊት መናገር ስላልፈለጉ ባልደረባዬ ወረቀቱን ሰጥቷቸው ራሳቸው ጻፉት። እንዲህ ዓይነቱን ጥንቃቄ ከእሱ ሁላችንም ብንማር እወዳለሁ።

ስኪ፣ ጫማ፣ ዱላና ሄልሜት እዚያው እንዲከራዩ ተስማማን። የስኪው ርዝመት ለጀማሪ ከአገጭ እስከ አፍንጫ ቢደርስ ይበቃል። የሚገዙት ውሃ የማያስገባ ጓንት፣ ካልሲና የበረዶ መነጽር ብቻ ነው። መነጽሩ ይቅር ሲሉ እኔም ጣልቃ ገባሁ። ለከፍታ እንኳ እኛ እንግዳ አይደለንም፤ ኢንስብሩክ ከባሕር ወለል ከ600 ሜትር በታች ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። አዲስ በረዶ ግን የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር እስከ 80 በመቶ መልሶ ወደ ፊት ይረጫል። ዓይን ይቃጠላል፤ ጥቁር ቆዳም ቢሆን ክሬም ይፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የተከራከርነው በኢንሹራንስ ነው። አባትየው ርካሹን መርጠው «ለቪዛው 30,000 ዩሮ ሽፋን ነው የሚጠይቁት፤ ይሄ ያሟላል» አሉ። ያሟላል። ግን ከማይሸፈኑት ዝርዝር ውስጥ የክረምት ስፖርት አለ። ባልደረባዬ መስመሩን በጣቱ እያሳየ አነበበላቸው። ኦስትሪያ ውስጥ በስኪ ተጎድቶ በሄሊኮፕተር የተነሣ ሰው ሂሳቡ ለራሱ ይመጣል፤ በሺዎች ዩሮ ነው። የክረምት ስፖርትና የተራራ ላይ ማዳን የሚጨመርበትን ውል ወሰዱ፤ ከተከለለው መንገድ ውጪ መንሸራተትን ግን እሱም እንደማይሸፍን ለልጁ ደጋግመን ነገርነው።

ቀኑንም ቀየርን። መጀመሪያ ያሰቡት የፈረንጆቹን ገናና አዲስ ዓመት ነበር፤ በስኪ ከተሞች ዋጋ የሚሰቀለውና ሰልፍ የሚበዛው ያኔ ነው፣ በየካቲት ትምህርት ቤቶቻቸው ሲዘጉም እንዲሁ። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ስለሆነ በዓሉን እዚህ አክብረው በማግስቱ ወጥተው ለጥምቀት መመለስ ይችላሉ። በረዶው አለ፣ ሆቴሉም ይረክሳል። በዓልን ቤት መዋል ለሚወድ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ሳምንት አላውቅም። ለልጆቹ ለጀማሪዎች የሚሰጠውን የጠዋት ትምህርት አብረን አስያዝን፤ ወላጆቹም እንዲማሩ ባልደረባዬ አጥብቆ ለመናቸው።

ቢሯችን ከዚያ ወዲህ ኢንሹራንስ ከመጻፉ በፊት «እዚያ ምን ሊሠሩ ነው የሚሄዱት?» ብሎ ይጠይቃል። ቤተሰቡ በደኅና ተመልሷል። ልጅቷ በመጀመሪያው ቀን ቁርጭምጭሚቷን ሲያማት እናትየው ጫማውን በዚያው ማታ ወደ ሱቁ መልሰው ያለ ክፍያ አስቀይረውላታል።