ኦርኪዴ ላይ የገባው ነጭ ተባይ፦ ስድስተኛ ሳምንት

ኦርኪዴን የሰጠችኝ እህቴ ናት። ፋላኖፕሲስ የሚባለው ዓይነት ነው። ሁለት ዓመት ሳሎን መስኮት ስር ያለ ምንም ችግር ቆየች። ከዚያ አንድ ቀን ሁለት ቅጠሎች በሚገናኙበት ስርቻ ውስጥ ብጣሽ ጥጥ የሚመስል ነገር አየሁ። አቧራ መስሎኝ በጣቴ ጠረግ ሳደርገው ፈረጠና ቢጫማ ፈሳሽ ጣቴ ላይ ቀረ። ሚሊባግ የሚባለው፣ የተክል ፈሳሽ የሚመጥ ትንሽ ነፍሳት ነበር።

የጆሮ ማጽጃ ጥጥ 70 በመቶ አልኮል እየነከርኩ አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። አልኮሉ ሰውነታቸውን የሸፈነውን ሰም ያሟሟዋል። ንጹህ ሆነች ብዬ ተውኩት። በ10 ቀናቸው ተመልሰው ከች አሉ! አንዷ ሴት በዚያ ጥጥ መሳይ ከረጢት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉን ሁሉ ደግሞ አልኮሉ አያገኘውም። አሁን ኖሩም አልኖሩም በየ7 ቀኑ እጠርጋለሁ።

ዋናውን መደበቂያ ያገኘሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው። የአበባው ዘንግ አንጓዎች ላይ ስስ ደረቅ ልባስ አለ አይደል? በስቴኪኒ ቀስ አድርጌ ስገልጠው አምስት ጥቃቅን ነፍሳት ተደርድረው ተለጥፈዋል። ለካ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቅጠል ሳሻሽ የከረምኩት በከንቱ ነው። ስትገልጡ ግን ከስሩ ያለችውን እምቡጥ እንዳትነኩ።

ጉንዳኖቹንም ችላ ማለቴ ይቆጨኛል። ሚሊባግ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚወዱ ከጠላቶቹ ይጠብቁታል። ሰሃን ላይ የሳሙና ውሃ አድርጌ፣ መሃሉ ላይ ብርጭቆ ደፍቼ፣ መትከያውን እላዩ ላይ አስቀመጥኩ። ጉንዳኑ ቀረ።

በአራተኛው ሳምንት አውጥቼ ሥሯን አየሁ። በአፈር ፋንታ የተተከለችበት የዛፍ ቅርፊት ውስጥም ነበሩ፤ ቅርፊቱን በሙሉ ጥዬ አዲስ አደረግሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሥሩ ሲደርቅ በራሱ ብርማ ነጭ ነው። እኔ ተባይ መስሎኝ ልፍቀው ነበር። ውሃ ጠብ ስታደርጉበት አረንጓዴ ከሆነ ጤነኛ ነው፣ ተዉት። ካጠባችሁ በኋላ ደግሞ ቅጠሎቹ መሃል የቀረውን ውሃ በሶፍት ምጠጡት፤ እዚያ ውሃ ካደረ ማደጊያዋ ይበሰብሳል።

ዛሬ ልባሱን፣ ስርቻውን፣ የመትከያውን ከንፈር ሳይቀር አየሁ። አንድም የለም። ካለፈው ሳምንት ጋር ሁለተኛ ንጹህ ሳምንቴ ነው። መሃል ላይ የጥፍር ያህል አዲስ ቅጠል ብቅ ብሏል። እስካሁን ከሌሎቹ ተለይታ መኝታ ቤት ናት፤ ሁለት እሁድ ደግሞ ንጹህ ሆና ካየኋት ወደ ሳሎን እመልሳታለሁ።