በጽፋት ደረጃዎች፦ የ«ሌሼም ዪሑድ» አመጣጥ

ጽፋት (ሳፌድ) በላይኛው ገሊላ፣ ከባሕር ወለል 900 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ በእስራኤል ከተሞች ከእርሷ የሚበልጥ ከፍታ ያለው የለም። እዚህ የወጣሁት ስለ አንዲት አጭር ጸሎት ነው። ብዙ ሐሲዳውያን (በምሥራቅ አውሮፓ በ18ኛው መቶ ዘመን የተነሣው የመንፈሳዊነት እንቅስቃሴ ተከታዮች) እና ሰፋርዳውያን (ትውልዳቸው ከስፔን የሆነ) አይሁድ አሸንክታብ ከማሰራቸው፣ ዘርፍ ያለውን ልብስ ከመልበሳቸው ወይም ምጽዋት ከመስጠታቸው በፊት ይሏታል፦ «ሌሼም ዪሑድ ቁድሻ ብሪኽ ሁ ኡሽኺንቴ»። «ለቅዱሱ፣ ቡሩክ ለሆነው፣ ከማደሪያው ከሼኺና ጋር ላለው ውሕደት፤ በፍርሃትና በፍቅር፣ ዩድ ሄን ከቫቭ ሄ ጋር ፍጹም አንድ ለማድረግ፣ በመላው እስራኤል ስም» ማለት ነው። ዩድ፣ ሄ፣ ቫቭ፣ ሄ የእግዚአብሔር ስም በዕብራይስጥ የሚጻፍባቸው አራት ፊደላት ናቸው።

ግእዝ ቀመስ የሆነ ሰው ግማሹን ያለ አስተርጓሚ ይሰማዋል። «ሌሼም» ለስመ ነው፣ «ቁድሻ» ቅዱስ፣ «ብሪኽ» ቡሩክ። «ዪሑድ» ደግሞ ዋሕድና ተዋሕዶ ከበቀሉበት ሥር የበቀለ ነው። ሥሩ አንድ ቢሆንም ትምህርቱ ግን ሌላ ስለሆነ፣ አንዱን በሌላው መተርጎም ገና ከመነሻው መንገድ ያስታል።

በጽፋት ውስጥ ካለው ከኢየሩሳሌም ጎዳና ተነስቶ ወደ አሮጌው ሰፈር የሚወስደው ሁሉ ቁልቁል ደረጃ ነው። ድንጋዩ በብዙ እግር ስለለሰለሰ ዝናብ ሲያገኘው ያንሸራትታል። መጀመሪያ የሚገኘው የአሽከናዝ (የመካከለኛውና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ) አሪ ምኩራብ ነው፤ የካባላ፣ ማለት የአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት፣ መምህር የነበረው ራቢ ይስሐቅ ሉርያ (አሪ) ዓርብ ማምሻ ሰንበትን ለመቀበል ይወጣበት በነበረው ሜዳ ላይ እንደተሠራ ይነገራል። አሁን የሚታየው ሕንፃ ግን የአሪ ዘመን አይደለም፤ ጥር 1 ቀን 1837 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከተማዋን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የቀድሞውን አላስቀረውም። ጎብኚ «ጸሎቷን አሪ ደረሳት» ሲባል ቢሰማ ቶሎ አይቀበል። አሪ ጽፋት የገባው በ1570 ነው፣ የሞተው በ1572፣ በ38 ዓመቱ። በዚያች አጭር ጊዜ ራሱ የጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ትምህርቱን በጽሑፍ ያቆየው ደቀ መዝሙሩ ሐዪም ቪታል ሲሆን እርሱም በ1620 ደማስቆ ውስጥ አረፈ። ከእነርሱ ክበብ የወጣው፣ ከሥራ በፊት ይህን አሳብ በቃል የማወጅ ልማድ ነው። ቃላቱ ግን ከእነርሱ ይቀድማሉ።

ቁልቁለቱ እየቀጠለ ወደ አሮጌው የመቃብር ስፍራ ዳርቻ ሲደርስ የሰፋርድ አሪ ምኩራብ አለ፣ ከአሪ መምጣት በፊትም የነበረ። ከዚህ ወደ ምዕራብ ሜሮን ተራራ ወለል ብሎ ይታያል። የራቢ ሺምዖን ባር ዮሐይ መቃብር ያለው እዚያ ነው፤ ትውፊቱ የካባላን ዋና መጽሐፍ ዞሃርን የሚሰጠው ለእርሱ ነው። ተመራማሪዎች ደግሞ መጽሐፉን በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከነበረው ከካስቲልያው ሞሼ ዴ ሌዮን ጋር ያያይዙታል። ጸሎቷ በአመዛኙ በአራማይክ የተነገረችውም የዞሃር ቋንቋ ስለሆነ ነው።

የእግዚአብሔር ስም በጸሎቷ ውስጥ ለምን ለሁለት ተከፈለ? መነሻው ዘጸአት 17፥16 ነው። በዕብራይስጡ «ዙፋን» የሚለው ቃል አሌፍ ጎድሎት «ኬስ» ተብሎ ተጽፏል፤ የእግዚአብሔርም ስም «ያህ» ብቻ ነው፣ ከአራቱ ፊደላት ሁለቱ። የጥንት ሊቃውንት ከዚህ ተነስተው፣ አማሌቅ እስኪጠፋ ስሙም ዙፋኑም ምሉዕ አይደለም አሉ። ከዞሃር ጋር የሚያያዘው ቲቁኔ ዞሃር የተባለው መጽሐፍ ይህን ወደ ሒሳብ ወሰደው፤ እያንዳንዱ የዕብራይስጥ ፊደል የቁጥር ዋጋ አለውና። ዩድ 10፣ ሄ 5፤ ድምሩ 15። ቫቭ 6፣ ሄ 5፤ ድምሩ 11። በዘጸአት 3፥15 «ስሜ» የሚለው የዕብራይስጥ ቃል ቁጥሩ 350 ነው፤ 15 ሲጨመርበት 365፣ ይኸውም የ«አታድርግ» ትእዛዛት ብዛት። «መታሰቢያዬ» የሚለው 237 ነው፤ 11 ሲጨመርበት 248፣ የ«አድርግ» ትእዛዛት። ሁለቱ ሲደመሩ 613፣ አይሁድ በኦሪት የሚቆጥሯቸው ትእዛዛት ሁሉ። እዚያው መጽሐፍ ላይ ፍርሃትና ፍቅር የዩድ ሄ፣ ሕግና ትእዛዝ የቫቭ ሄ ድርሻ ናቸው፤ ያለ መጀመሪያዎቹ የኋለኞቹ ወደ ላይ አይበሩም። «በፍርሃትና በፍቅር» የሚለው ሐረግ እንዲሁ የስሜት ማሞቂያ የሚመስለው ሰው ይህን ስሌት አላየውም። እኔ የጸሎቷ ልብ እዚህ ነው ባይ ነኝ።

አሮጌው መቃብር ከዚህ በታች ነው፤ አንዳንዱ መቃብር ሰማያዊ ተቀብቷል። የአሪ፣ በ1570 የሞተው የካባላ ሊቅ የሞሼ ኮርዶቬሮ እና የሕግ ሊቁ የዮሴፍ ካሮ መቃብሮች ሁሉ እዚህ ናቸው። አጠገቡ የአሪ ሚቅዌ፣ የመጥለቂያው ምንጭ፣ አለ፦ ለወንዶች ብቻ፣ ውሃው አጥንት የሚነካ ቅዝቃዜ። ዓርብ ከሰዓት ብዙ ወረፋ አለው። ሰንበት ሲገባ ፎቶ ማንሳት በምኩራቦቹ አይፈቀድም፣ አውቶቡስም ስለሚቆም መመለሻን አስቀድሞ መወሰን ይሻላል።

አባባሉን በተመለከተ ሁለት ስሕተት ይደጋገማል። አንደኛው የእግዚአብሔርን ስም እንደተጻፈ ማንበብ ነው፤ የሚጠሩት የፊደሎቹ ስሞች ናቸው፣ እነርሱንም ብዙዎች ለክብር «ሄ»ን በ«ኬ» ቀይረው «ዩድ ኬ» ይላሉ። ሁለተኛው ቦታው ነው። ትእዛዝ ሲፈጸም አስቀድሞ በሚባለው ቡራኬና በድርጊቱ መካከል ከገባች እንደ ማቋረጥ ስለምትቆጠር፣ ከቡራኬው በፊት ትባላለች።

ከጽፋት ውጭ ጸሎቷን ካሰራጩት አንዱ የናታን ሐኖቨር «ሻዓሬ ጺዮን» የተባለው የጸሎት መጽሐፍ ነው፣ ፕራግ፣ 1662። ብርቱው ተቃውሞም የመጣው ከዚያው ከፕራግ ነው። ራቢ ይሕዝቅኤል ላንዳው በ1776 በታተመው፣ ለሕግ ጥያቄዎች መልስ በሰጠበት መጽሐፉ፣ የቀደሙት ትውልዶች ያለ እርሷ ትእዛዙን ፈጽመዋል፣ ቡራኬው ራሱ በቂ ነው ብሎ ተከራከረ። የሆሴዕን የመጨረሻ ጥቅስ «ጻድቃን ይሄዱበታል፤ ተላላፊዎች ግን ይወድቁበታል» የሚለውንም ወስዶ «ተላላፊዎች»ን በ«ሐሲዲም» ተካው። የቼርኖቪትሱ ራቢ ሐዪም መልሶ ገሠጸው፤ እስከ ዛሬም አንዱ የጸሎት መጽሐፍ ያትማታል፣ ሌላው ይዘላታል።