ኮንትሮል ተጭና ስትቀር

ዛሬ ቢሮ ኮምፒውተሬ አበደብኝ። «ሰ»ን ስነካ ሴቭ ላድርግ ይላል፣ «ፐ»ን ስነካ ፕሪንት ይከፍታል፤ ማውሱን ሳሽከረክር ገጹ አንዴ ያብጣል አንዴ ይኮማተራል። ፎርማት ይደረግ ያለም አልጠፋ (እኛ ቢሮ የሁሉም በሽታ መድኃኒት ፎርማት ነው)።

ስክሪን ላይ የሚወጣውን ኪቦርድ ስከፍተው ኮንትሮል (ከፊደል ጋር ስትጫን ፊደሉን ወደ ትእዛዝ የምትቀይረው Ctrl ቁልፍ) ማንም ሳይነካት ደምቃ ትታያለች። በሪሞት ዴስክቶፕ (ሌላ ኮምፒውተርን ከርቀት በምንከፍትበት ፕሮግራም) ስንሠራ ቁልፍ እንደተጫንን መስኮት ከቀየርን፣ መልቀቃችን ለዊንዶውስ ሳይደርሰው ሊቀር ይችላል። የግራና የቀኙን ኮንትሮል፣ ሺፍትና አልት አንድ በአንድ ተጭኜ ስለቅ ለቀቀኝ።

ሺፍትን 5 ጊዜ ስትጫኑ ብቅ የሚለው ስቲኪ ኪይስ (እንደ ሺፍትና ኮንትሮል ያሉትን ቁልፎች ይዞ መቆየት ሳያስፈልግ የሚያሠራው የዊንዶውስ አማራጭ) ግን ሌላ ነው፤ እሱን ሴቲንግ ገብቶ ማጥፋት ነው። ስኳር ያለው ሻይ የፈሰሰበት ኪቦርድ ከሆነ ደግሞ ሶፍትዌሩን አትውቀሱ፣ ቁልፉን አንስታችሁ አጽዱ።