«የተሠራው ሊነፋ ነው»

ይሄ ነገር እስካሁን ያናድደኛል። ሆላንድ ውስጥ የድሮ የሙዚቃ መሣሪያ የሚጠበቅበት ክፍል ነው የምሠራው። አንድ የታወቁ ተጫዋች በእንግድነት መጡ። ጠረጴዛው ላይ ያለው በ1700 አካባቢ አምስተርዳም የተሠራ ሪኮርደር ነው፤ ያ ጫፉ ላይ አፍ ተደርጎ ቀጥ ብሎ የሚነፋው ዋሽንት፣ ሁለመናው የዝሆን ጥርስ። ጓንት አድርገው አገላበጡት፣ የሠሪውን ማኅተም አዩ። ከዚያ «አንድ ዜማ ብቻ ልጫወትበት» አሉ።

«አይቻልም» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ የተሠራው ሊነፋ ነው። ዝም ካለ ሞተ ማለት ነው።»

አለቃዬ ደግሞ ከኋላዬ ሆኖ «ለሁለት ደቂቃ ምን ይሆናል?» አይል መሰላችሁ! እኔን ያበገነኝ ይሄኛው ነው። ምን እንደሚሆን አሳምሮ ያውቃል። የዝሆን ጥርስ እርጥበት ይጠጣል። ለዓመታት ደርቆ የኖረ ቱቦ ውስጥ ሞቃት ትንፋሽ ሲገባ ውስጡ ያብጣል፣ ውጪው ግን ባለበት ነው፤ ያኔ ሊሰነጠቅ ይችላል። አፉ ውስጥ የተሰካው የሴዳር እንጨት ቁራጭም ሲያብጥ ከውስጥ ይገፋዋል። ስንጥቁ ድምፅ የሚፈጥረው ስለት ላይ ካረፈማ አለቀ፣ በሙጫ የሚመለስ ነገር አይደለም።

ሰውዬው ያሉት ግን ውሸት አይደለም። ለንደን ተወልዶ አምስተርዳም ላይ ሪኮርደር ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ሃካም ሆነ ከሱ የተማረው ያን ስቴንበርገን መስታወት ሳጥን ውስጥ ይቀመጥልን ብለው አልለፉም። እኔ እምቢ ያልኩትም ስለ ልፋታቸው ነው። ጥበባቸው ያለው ቱቦው ውስጥ ነው፤ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄደው ክፍተት፣ ጠባቧ የትንፋሽ መንገድ። እዚያ ላይ የሚሊሜትር ክፍልፋይ ድምፁን ይለውጠዋል። ያንን ለክቶ አዲስ ሊሠራ የሚመጣ ሰው ሞልቷል፣ ወደፊትም ይመጣል። ታዲያ የሁሉንም ድርሻ ለአንድ ዜማ ልስጥ?

ልኩ ከዚሁ የተወሰደ፣ ቦክስዉድ በሚባል ጠንካራ እንጨት የተሠራ ቅጂ አለንና አመጣሁላቸው። አልነኩትም። «ቅጂ ቅጂ ነው» ብለው ኮታቸውን አነሡ።

«እንግዳ አስቀየምሽ» አለኝ አለቃዬ። አዎ፣ ተቀይመዋል። እኔም እኮ የዝሆን ጥርሱን ድምፅ መስማት ከሳቸው ባላነሰ እፈልጋለሁ። ቅጂው ሲነፋ ሰምቻለሁ፣ ግሩም ነው፤ ግን ዋናውስ እንዴት ይሆን ማለቴ አልቀረም። ቢሆንም ነገ ሌላ ታዋቂ ሰው ቢመጣ መልሴ ያው ነው፣ አለቃዬ አጠገቤ ቆሞም ቢሆን።